ሰርካለም ምን ትችላለች?

ቀረብ በሉ ልጆቼ። ያቺን ባዶ በርሜል አጋድማችሁ ተቀመጡባት። ወሬዬ ረጅም አይደለም፤ እኔን ግን ከብዶኛል።

ልጄ ሰርካለም ጎንደር ላይ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር፤ ስለ እህል ዘር። አምና መስከረም መጨረሻ፣ የሰሊጥ አጨዳ ሳይጀመር፣ በሚኒባስ እዚህ ሸሕዲ፣ ቤቷ መጣች። እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች። ራስን መገምገሚያ ነው አለችኝ። ሊመረቅ የደረሰ ተማሪ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚወድ ራሱን መርምሮ ይሞላዋል፤ በዚያ ሥራውን ይመርጣል። በእሷም ፊት ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ እዚሁ ቆላ፣ የሰሊጥ ዘር ከሚመረምሩት ጋር፤ ሌላው ከተማ፣ ቢሮ። ሰኞ መልስ መስጠት አለባት።

«አባዬ፣ ወረቀቱ ‹በደንብ የሚያውቅህን ሰው ጠይቅ› ይላል። እኔ ምን እችላለሁ?» አለችኝ።

መልሱማ አፌ ላይ ነበር። ይቺ ልጅ ማሳ ዳር ቆማ፣ የታችኛውን የሰሊጥ ፍሬ በጣቷ ጫን አድርጋ «ሐሙስ ይታጨድ» ካለች ሐሙስ ነው። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። እሷ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ስታ አታውቅም። የጎጃም አጫጆች እንኳ ማጭድ ሳያነሡ «ልጂቱ ምን አለች?» ይሉኝ ነበር።

ግን እኛ ልጅን ፊት ለፊት አናመሰግንም። የሰው ዓይን አለ፤ ያሞገሱትን ይነጥቃል። ታላቅ ወንድሟን አገር ሁሉ እያሞገሰልኝ፣ በሰባት ዓመቱ ወባ ወሰደብኝ። ስለዚህ ሳቅ አልኩና፣

«አንቺ ደግሞ ምን ትችያለሽ? መብላት ነዋ!» አልኳት።

ጎረቤታችን ሁሪያ ከሱቋ ደጅ ሆና ሰምታ ኖሯል።

«ኧረ አያ ይርዳው! ማሻአላህ ይበሉና እውነቱን ይንገሯት! ያን ዓመት ዝናቡ ሳይደርስ ያሳጨደችዎት እሷ አይደለችም?»

«ሁሪያ፣ አንቺ ያላሞገስሽው ደንበኛ የት አለ? የሱቅ አፍሽን ተይው!»

ሁሪያ ሳቀች። ሰርካለም አልሳቀችም።

«የምርዎን ነው አባዬ?»

«ማሳ ማየትማ ማን ያቅተዋል፤ ተይው እባክሽ።»

አጎንብሳ ጻፈች። ፊደል ቆጥሬያለሁና ከትከሻዋ ላይ አነበብኩት፤ «ማንም የሚችለውን» ይላል። ያኔም አላረምኳትም።

ሰኞ ከተማውን መረጠች። አሁን የሰው ፋይል ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ታዛውራለች። ባለፈው ጾም ሲፈታ ደወልኩላት።

«ልጄ፣ ዓይን ፈርቼ ነው የዋሸሁሽ። እንዳንቺ ሰሊጥ የሚያውቅ በዚህ አገር አላየሁም።»



እሷም እንዲህ አለችኝ፦ «ያኔ ለምን አላሉኝም? እኔ ቤት ድረስ የመጣሁት ይችን ቃል ከእርስዎ አፍ ልሰማ ነበር። ወረቀቱን በፖስታም መላክ ይቻል ነበር እኮ። አሁን የሰሊጡን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ለሁሪያ ሰላምታ ያድርሱልኝ» ብላ ዘጋችው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገ እናንተም ትወልዳላችሁ። ልጅ መጥቶ ሲጠይቃችሁ፣ ልባችሁ እየፈራም ቢሆን ያያችሁትን ንገሩት። ይችን አደራ አትርሱብኝ።