የማን ታቦት ነው?

ልጄ ትሕትና በታኅሣሥ መጀመሪያ ከአየርላንድ ደወለች። እዚያ ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው። ሽማግሌ በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ባሏ መኪና ይነዳል። በዚህ መስከረም ማለቂያ ላይ ሴት ልጅ ወልደዋል።

«አባዬ፣ የልጅቱ ሰማንያ ቀን ሊሞላ አሥራ ስድስት ቀን ቀረው። የት ላስጠምቃት?» አለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያን የለም ወይ?»

«የኛ ያለው ዋናው ከተማ ነው። ቄሱ ለገና አገር ቤት ገብተዋል፤ ከጥምቀት በፊት አይመለሱም አሉኝ። ከቤታችን አጠገብ ግን አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ።»

«የማን ታቦት ነው?»

«የማርያም ነው ይላሉ።»

«ማርያም ከሆነችማ ምን ትጠይቂኛለሽ? ሂጂ አስጠምቂ።»

እኛ ዘንድ ሰው ስለ ደብር የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ታቦቱ ከታወቀ ሌላ ጥያቄ የለም።

ባለቤቴ የትምወርቅ ገብስ እያበጠረች ትሰማ ነበር።

«መምሬን ሳትጠይቅ?» አለች።

«ማርያም ናት አልኩሽ።»

«እሷስ ማርያም ናት። ቄሱ ማን እንደሆነ በምን አወቅህ?»

«ነገ መምሬን እጠይቃለሁ» አልሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን የሞተው በሠላሳ አራተኛ ቀኑ ነው። ቄስ ልጠራ የሄድሁት እኔ ነበርሁ፤ ይዤ ስመለስ አልቆ ነበር። ክርስትና ስላልተነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበርነው። ስለዚህ ነገር ከየትምወርቅ ጋር አናወራም።

በማግስቱ ታች ወዳለው ወደ ቀየት መንደር ሄድሁ። የነፍስ አባታችን መምሬ ወልደ አማኑኤል አውድማ ላይ ገብስ ያበራዩ ነበር። ነገሩን ነገርኋቸው። መንሻቸውን ተደግፈው ሳቁ።

«አንተ ተገኘ፣ ማርያም የተባለች ሁሉ የኛ ናት?»

«ስንት ማርያም አለች፣ መምሬ?»

«ማርያምስ አንዲት ናት፤ የሚለያየው እምነቱ ነው። ያቺ የሮም ትሆናለች። ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ ወይ? ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ ወይ? በል ጠይቅና ንገረኝ።»

ትሕትናን ጠየቅኋት።

«ጫማ አያወልቁም፤ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት» አለች። «ግን አባዬ፣ ቀን አስይዣለሁ እኮ። አንተው ሂጂ አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ። አሁን አትሂጂ።»

«ወይ አባዬ! ቄሱን ምን ልበላቸው?»

«አባቴ አርጅቷል በያቸው።»

ሳቀች። ወዲያው ግን ድምፅዋ ተለወጠ።

«እንግዲያ አንድ ሌላ አለ። አብራኝ የምትሠራ አኒ የምትባል ነርስ አለች። እነሱ በየሁለት ሳምንቱ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይተው ይቀድሳሉ። አንድ ቀን ይዛኝ ሄዳ ነበር። ጫማ ያወልቃሉ፣ ሴቶቹ ይከናነባሉ፣ መጋረጃ አላቸው። ረቡዕና ዓርብም ይጾማሉ።»

«የት አገር ሰዎች ናቸው?»

«ህንዶች።»

ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ አየሁት።

«ህንድ ደግሞ ምን ቅዳሴ ያውቃል?» አለች የትምወርቅ ከጓዳ።

በሦስተኛው ቀን እንደገና ቀየት ወረድሁ። መምሬ ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«ህንዶቹማ ወንድሞቻችን ናቸው» አሉ። «ደብረ ብርሃን ስልጠና ላይ ተምረነዋል። ግብጽ፣ ሶርያ፣ አርመን፣ ህንድ፤ እምነታቸው ከኛ አንድ ነው። ትጠመቅ።»

«ታቦት አላቸው?»

«እንደኛ ያለ የላቸውም።»

«ማርያም ያለቻቸው ባዕድ ሆነው፣ ታቦት የሌላቸው እንዴት ወንድም ይሆናሉ?»

«የተነገረኝን ነው የምነግርህ። እኔ ህንድ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

እኔ ግን አይቻለሁ። መሐል ሜዳ ከተማ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረን ህንድ ነበር። መምህር ፊልጶስ እንለው ነበር። እሑድ እሑድ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። አንድ እሑድ ገብቶ ከወንዶቹ መካከል ቆመ። አባቴ ክንዱን ይዞ ወደ ደጅ አወጣው። «አሕዛብ እዚህ ምን ይሠራል?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄአለሁ። ሰኞ መጥቶ ማካፈል አስተማረን። ከዚያ ወዲያ እስኪሄድ ድረስ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ነው ያስቀደሰው። ስሙ የክርስቲያን ስም መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም።

አባቴ ደግ ሰው ነበር። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። እሱ ልክ ከነበረ መምሬ ተሳስተዋል፤ ልጅቱም ሳትጠመቅ ተጠመቀች ልትባል ነው። መምሬ ልክ ከሆኑ አባቴ አንድ ክርስቲያን ከቅዳሴ አውጥቷል። የትኛው እንደሚከፋ መለየት አቃተኝ። ቤት ስደርስም አልለየሁትም።

ትሕትና ደወለች።

«አባዬ፣ አምስት ቀን ቀረኝ። ወይ ሂጂ በለኝ፣ ወይ ተይ በለኝ።»

«መምሬ ሂጂ ብለዋል።»

«አንተስ?»

«እኔ አላውቅም።»

«አንተ? አላውቅም ብለህ ታውቃለህ?»

የትምወርቅ እጇ ወንፊቱ ላይ እንዳለ ቆማ ታየኛለች።

«አሁን አልኩሽ። አላውቅም። ግን ሂጂ። ሳትጠመቅ አትቆይ።»

በሰማንያኛው ቀን ከቀትር በኋላ በስልኩ ምስል ታዩን። ልጅቱ ነጭ ለብሳ ተኝታለች። አጠገቧ ሻሽ የተከናነበች ጠይም ሴት ቆማለች።

«ተጠመቀች፤ ሜሮን ተቀባች፤ ቆረበችም» አለች ትሕትና። የትምወርቅ እልል አለች። «ይቺ አኒ ናት፤ ክርስትና እናቷ።»

እልልታው ተቋረጠ።

«እንግዲያማ አበልጃችን ናት» አለች የትምወርቅ። «ልጆች አሏት?»

«ሁለት ወንዶች።»

«ተገኘ፣ ሰማህ? ከነሱ ጋር ጋብቻ የለንም።»

«ማን እንጋባ አለሽ?»

ነገሩ ግን እውነት ነው። ክርስትና ካነሣ ሰው ጋር ዝምድናው እንደ ሥጋ ነው፤ እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። በዓል ሲደርስ ሰላምታ ይላካል፤ ሲታመም ይጠየቃል፤ ሲሞት ይለቀሳል። ለአኒ ምን እንደምልክላት አላወቅሁም። እጅ ነሣሁ፤ እሷም በስልኩ ውስጥ እጅ ነሣች።

«የአባቷ ስም ማነው?» አልሁ።

ትሕትና ጠየቀችልኝ። አኒ ተናገረች፤ ቀስ አድርጋ ደገመችልኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርሁት። የትምወርቅ ሳቀችብኝ፤ አኒም ሳቀች። ስሙን መጥራት የማልችለው ዘመድ እስከ ዛሬ ኖሮኝ አያውቅም።