ከዲኤክሷ ሥር

አቶ አምሳሉ የልጃቸውን ሚስት ያፍሯት ነበር። እሷም ታፍራቸዋለች። ልጃቸው አላዛር ኬኔን ከአኖ አግብቶ ነቀምት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወዳለው የአባቱ ቤት ካመጣት ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ወደ አሶሳ ተላከና፣ ሁለቱ ዐይነ አፋሮች በአንድ ጣሪያ ሥር ብቻቸውን ቀሩ። አቶ አምሳሉ ባለቤታቸው ብፅዓት ካረፉ ወዲህ ማዕድ ቀርቦላቸው መብላትን ረስተዋል። ልጅቱ ምግቡን አስቀምጣ እንደ ጥላ ሹልክ ስትል የሚሉት ይጠፋቸዋል። ሊያመሰግኗት ቃል ሲመርጡ ወጡ ይቀዘቅዛል።

ኬኔ ደግሞ ያደገችበት ወግ አላት፤ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ከአፏ አይወጣም። አንድ ቀን ከሰፈራ መንደር የመጣ ወሎዬ የጎመን ችግኝ ሻጭ ስንት ልቁጠርልሽ ቢላት፣ አርባና ዐሥር አለችው። አምሳ ማለትሽ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቃት ራሷን ብቻ ነቀነቀችለት። አምሳሉ ከሚለው ስም እየሸሸች እንደሆነ የገባቸው ሽማግሌው፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ብቻቸውን ሳቁ። ልባቸው ግን ተነክቶ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ያልጠበቁትን ሰሙ። ኬኔ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ነቀምት ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁት አቶ አምሳሉ ኦሮምኛው እንደ አፍ መፍቻቸው ነው። ምንም አልጎደለብኝም፣ ስትል ሰሟት፤ ቤቱ ግን ዝም ይላል፤ ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ብቻ የወደዱኝ አይመስለኝም።

ያን ቀን ምሳ አልበላላቸው አለ። ማታ ላይ አንድ ነገር ቆረጡ፦ እሑድ በራሳቸው መኪና አኖ ወስደው ከእናቷ ጋር ሊያውሏት። አሮጌዋ ዲኤክስ ቆማ ስለከረመች ዘይቷ ጠቁሯል። ጋራዥ አጥተው አልነበረም፤ ነገር ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ዘይት የሚቀይሩት ራሳቸው ናቸው፤ ለልጅቱ የሚያደርጉት ነገርም ሌላ እጅ ባይገባበት ደስ ይላቸዋል። ዓርብ ዕለት የፊት ጎማዎቹን ሰፋፊ ግንዶች ላይ አውጥተው አሮጌውን ዘይት አፈሰሱ። የዘይት ማጣሪያውን ፊልትሮም ከላይ በኩል እጃቸውን አሹልከው፣ ሳያዩ፣ በዳበሳ ቀየሩ። ጣታቸው ተጋጠ እንጂ አዲሱን ዘይት ሞልተው ሥራውን ጨረሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲወጡ ሲሚንቶው ላይ ማር የመሰለ አዲስ ዘይት ተንጠባጥቦ አገኙ። ብዙ አልነበረም፤ መዳፍ ቢያህል ነው። ቢሆንም የሰው ልጅ ይዞ እንዲህ ባለ መኪና እስከ አኖ አይኬድም። ማዳበሪያ አንጥፈው በጀርባቸው ሥሯ ገቡ፤ የማፍሰሻውን ቡሎን በመፍቻ አጠበቁ። ጠብታው አልቆመም። ዐይናቸው ደግሞ በጨለማው ውስጥ ከየት እንደሚመጣ አልለይ አላቸው።

ኬኔ ቁርሱ ሲቀዘቅዝባት ፍለጋ ወጣች። ከመኪናዋ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች አየች፤ አይንቀሳቀሱም። ደንግጣ “አባኮ!” ብላ ሮጠች። አባኮ በኦሮምኛ አባቴ ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት ምንም ብላ ጠርታቸው አታውቅም።

ደህና መሆናቸውን፣ ዘይት እየፈሰሰ እንዳስቸገራቸው ከሥር ሆነው ነገሯት። የስልኳን መብራት አብርታ ልትሰጣቸው ጎንበስ አለች። እጃቸው በዘይት ስለተነከረ መያዝ አልቻሉም። ትንሽ አመነታችና ነጠላዋን አውልቃ፣ ከጎናቸው በጀርባዋ ተንሸራትታ ገባች።

ጨርቅ ሰጥተው ሁሉንም እንድትጠርግ ነገሯት። ዘይት ከሚወርድበት ቦታ ሳይሆን ከሚጀምርበት ነው የሚያዘው አሏት። ከዚያ ሁለቱም ተጋድመው ጠበቁ።

“ሐሙስ ዕለት ከእናትሽ ጋር ስታወሪ ሰምቻለሁ” አሉ አቶ አምሳሉ በኦሮምኛ፣ ዐይናቸውን ከሞተሩ ሳይነቅሉ።

ኬኔ ጨርቁን አንሥታ የጠረገችውን ደግማ ጠረገች።

“አልወደዱኝም ያልሽው ልክ አይደለም። እኔን ማውራት ነው የሚያቅተኝ። በኔ ፈንታ የምታወራው ብፅዓት ነበረች።”

ፊት ለፊት ቢሆኑ ኖሮ ኬኔ ተነሥታ በሄደች ነበር። እዚያ ግን መሄጃ የለም፤ መተያየትም የለም። በአማርኛ መለሰችላቸው።

“ስገባ ዝም ይላሉ፣ ተቆጡ እላለሁ። ስወጣ ደግሞ ያዝናሉ። ግራ ገባኝ።”

“ታዲያ ለምን አትቀመጪም?”

“ተቀመጪ አላሉኝማ።”

አቶ አምሳሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። ደረታቸው ሲርገፈገፍ ጠብታ ዘይት ግንባራቸው ላይ አረፈች። ኬኔ የመጣችበትን ተከትላ መብራቱን ወደ ላይ አነሣች፤ ዘይቱ የሚንጠባጠበው ከፊልትሮው አፍ ነው። ጠጋ ብላ ስታይ፣ የፊልትሮው ላስቲክ አንድ መሆን ሲገባው ሁለት ተደራርቦ አየች። የአሮጌው ፊልትሮ ላስቲክ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ፣ አዲሱ በላዩ ታስሮበታል።

“በዳበሳ ከመቀየሬ በፊት ዐይቼው ቢሆን ኖሮ” አሉ አቶ አምሳሉ።

የሳቸው እጅ ከሥር በኩል አልገባ አለ። የሷ ቀጭን እጅ ግን ገባ፤ ፊልትሮውን በጨርቅ ይዛ አላላችው። እሳቸው ሳህን ደቅነው የፈሰሰውን ተቀበሉ። አሮጌውን ላስቲክ በጥፍሯ ልጣ አወጣች፣ ቦታውን ጠረገች፣ አዲሱን ላስቲክ በጣቷ ዘይት ቀብታ መልሳ በእጅ ብቻ አሰረች። በመፍቻ እንዳታጠብቀው ከለከሏት። የጎደለውን ዘይት ጨምረው ሞተሩን አስነሡና እንደገና ሥሩ ተጋደሙ። ደረቅ ነበር።

መኪናዋን ለምን እንደሚያዘጋጇት የጠየቀችው ያን ጊዜ ነው።

“ነገ አኖ ልወስድሽ” አሏት።

ኬኔ እንባዋ እንዳይታይ ፊቷን ወደ ጎማው አዞረች። አቶ አምሳሉ እስክትረጋጋ ጠበቁ፤ ከዚያም ቁርስ አብረው እንዲበሉ ጠየቋት።

በማግስቱ መንገድ ላይ ሲሬ ከተማ ቆመው የሞተሩን ሥር አዩ። ኬኔም ወርዳ አየች፤ እሳቸው ብቻ ማየታቸው አልበቃትም። ከዚያ በኋላ አባቷ አቶ ሞረዳ ስለነበራቸው የእህል ወፍጮ፣ ቀበቶው በተበጠሰ ቁጥር እንዴት እንደሚናደዱ፣ እናቷ በሩ ላይ ቆመው እንዴት እንደሚያባብሏቸው ማውራት ጀመረች፤ አንዳንዴ በኦሮምኛ፣ አንዳንዴ በአማርኛ። መንገዱ ክፍት ነበር። አቶ አምሳሉ ግን ማርሹን ከሦስት አላሳለፉም፤ ከኋላ የመጣው ሚኒባስ ጡሩንባውን ቢነፋም ጥግ ይዘው አሳለፉትና፣ “እሺ፣ ከዚያስ?” አሏት።