የፀጉራሙ ወራሽ

እናቷ ከጉንፋን ተነሥተው ሦስት ቀን እህል አልቀምስ ብለው፣ «ፀጉራሙን ብቻ አምጡልኝ» ማለታቸውን ወንድሟ እዝራ በስልክ ሲነግራት፣ አዝመራ ነገሩ ምን እንደሆነ አላወቀችም። አላወቅሁም ማለት ደግሞ ሞቷ ነው። ሴት ልጃቸው እሷ ብቻ ናት። ሆሳዕና ከተማ፣ ጓሯቸው ውስጥ ለበቀለው ሁሉ እናቷ የቤት ስም እንዳወጡለት ትዝ ይላታል፤ ስሞቹ ግን በሰባት ዓመቷ አጎቷ ዘንድ ለትምህርት ስትላክ እዚያው ቀሩ።

ስለዚህ ቦሌ አንድ ትልቅ መደብር ገብታ፣ ፀጉር ያለውን ሁሉ በዓይኗ ስትለቅም ቆይታ፣ ኪዊ ገዛች።

ሰሚት፣ እናቷ ያሉበት የእዝራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ሚስቱ ሣባ ከፈተችላት። ሣባ የአክሱም ልጅ ናት። የአዝመራ እናት አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው የተቀቀለ ጎደሬ ዳጣ እያስነኩ ይበላሉ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አዝመራ።

«ፀጉራሙ ነዋ!» አለች ሣባ።

እናቷ ከፌስታሉ አንድ ኪዊ አውጥተው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ይሄ ገና ጢም ማብቀሉ ነው» ብለው መለሱት።

«እማ፣ ለሷ ነግረሽ ለእኔ ትደብቂያለሽ?»

«የአባትሽ አባት ማን ይባላል?»

«ጎዴቦ።»

«አየሽ፣ አንቺ ትጠሪዋለሽ። በእኛ ወግ ምራት ግን የባሏን አባት ስም አታነሣም፤ በዚያው የሚጀምረውንም አትክልት አትጠራም። ሌላ ስም ታወጣለታለች። አንቺን ማን ከለከለሽ? የምራት ነገር ለምራት ነው።»

«እኔም እኮ ስለ አባባ ስል ላጲስ ማለት ትቻለሁ» አለች ሣባ። የአዝመራ አባት ላጲሶ ነበሩ። «ልጆቹን ሳስጠና ‹ማጥፊያ› ነው የምለው።»

እናቷ ሣቁ። አዝመራ እናቷን እንዲህ አስቃ አታውቅም።

«እኔም ምራት ነኝ!» አለች። «የባሌ አባት ዱላሞ ናቸው። ዱባን ምን ልበለው?»

«እሱ የባልሽ ቤት ጉዳይ ነው» አሉ እናቷ፣ ሌላ ጎደሬ እየላጡ። «እኔ ምን አገባኝ?»

ሣባ፣ አዝመራ አሳዝናት መሰል፣ ጥቂት አሰበችና «‹ሆደ ሰፊው› በዪው» አለች።

ስሙ ያምራል። አዝመራን ያንገበገባት ይሄ ነው፤ እሷ ብታስብ ብታስብ እንዲህ ያለ አይመጣላትም።

«ቆንጆ ነው» አለች ሣባን፣ ፌስታሏን አንሥታ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዝመራ ቤት ዱባ አይገባም።