ዝምተኛው ሲናገር

ዘፋኙ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ሲቀር እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። ከብርሃን የተሠራ ነበር። በስስ ግልጽ መጋረጃ ላይ የሚያርፍ ብርሃን እንጂ ሌላ ነገር እንዳልሆነ ለሚስቱ አስቀድመው ነግረዋታል። ቢሆንም ከጨለማው ብቅ ብሎ ወደ ማይክራፎኑ ሲራመድ ልትቀበለው ከመቀመጫዋ ልትነሣ ቃጣት።

ሚስቱ የማተሚያ ቤት አራሚ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስትለቅም የኖረች፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል እንቅልፍ የሚነሳት ሴት። እሱ ይዘፍናል፣ እሷ ታርማለች፤ ቤታቸው ውስጥ ብዙ ወሬ አልነበረም። መድረክ ላይም ቢሆን ከዘፈን በቀር አንዲት ቃል አይወጣውም። ሌሎቹ በዘፈንና በዘፈን መሃል «እንዴት ናችሁ፣ እስቲ እጃችሁን» ሲሉ፣ እሱ ውኃውን ጎንጨት አድርጎ መሬት መሬት እያየ ይቆማል። ሕዝቡ «ዝምተኛው» ብሎ ስም አወጣለት፤ ቅጽል ስሙም ዋናውን ስም ዋጠው።

ይህን ዝግጅት ያመጣላት ኪቦርዲስቱ ነው። ከባሏ ጎን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጫወተ፣ ቤታቸው ሲመጣ በር የማያንኳኳ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ማሳቅ የሚሆንለት ሰው ነው። «ዝም ብሎ ሃያ ዓመት ያስጨበጨበ ሰው፣ ሞቶማ ምን ያቅተዋል?» አላት። ከቀብሩ ወዲህ ከልቧ የሳቀችው ያን ቀን ነበር። እሺም ያለችው ያን ቀን ነው። እሱን ቃል ያስገባችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዘፈኑ የሕዝብ ነውና ይውሰዱት፤ ንግግሩ ግን የቤቷ ነው፤ እንዳይነኩት።

ይህን ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባሏ በመጨረሻዎቹ አራት ወራት ሳንባው ከድቶት አልጋ ላይ ዋለ። እሷ ሥራዋን ቤት ድረስ እያስመጣች በሚቀጥለው ክፍል ታርማለች፤ እሱ ሊጠራት ቢፈልግ ድምፁ ግድግዳውን አያልፍለትም። ስለዚህ በስልክ የድምፅ መልእክት መላክ ጀመረ። ከአልጋው እስከ ጠረጴዛዋ ቢበዛ ሰባት እርምጃ ነው። «ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጊልኝ» ይላል። «መስኮቱን ክፈቺው፣ ዝናቡን ልስማው» ይላል። አንዳንዴ ምንም ሳይፈልግ፣ «ደክሞሻል፤ ትንሽ ቁጭ በይ» ይላታል፤ የምትሠራው ቁጭ ብላ መሆኑን እያወቀ። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ወሬ በነዚያ ወራት አወጣው። ስልሳ ሦስት መልእክት። አንዱንም አልሰረዘችም፤ አንዱንም ለሰው አላሰማችም።

የመጀመሪያው ዘፈን መልካም ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ። ምስሉ ከፍ ያለውን ድምፅ ሲይዝ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል፤ ልክ እንደ እሱ። ከጎኗ የተቀመጠው ኪቦርዲስት ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ እያንቀሳቀሰ አብሮ ይጫወታል። ጥሩ ሠርተዋል አለች በልቧ። የማጽደቂያው ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ዛሬ ከፈረመች ከነገ ወዲያ አዳራሹ ለሕዝብ ይከፈታል።

ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅ ምስሉ ውኃውን ጎንጨት አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ደክሟችኋል፤ ትንሽ ቁጭ በሉ» አለ።

ልምምዱን የሚያዩት ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አራሚዋ አልሳቀችም። ለአንድ ሰው የተባለው ለብዙ ሰው ሆኗል፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ከ«ደክሟችኋል» በኋላ የመጣችውን ትንፋሽ ታውቃታለች፤ ግማሽ መንገድ ሄዳ የምትመለስ፣ ከዚያ እንደገና የምትሞክር ትንፋሽ ናት። ባሏ በጤናው እንዲህ ተንፍሶ አያውቅም። ስቱዲዮ ውስጥ ከቀዳቸው ዘፈኖች በአንዱም ያቺ ትንፋሽ የለችም።

«አቁሙልኝ» አለች እጇን አንስታ። ምስሉ አፉን እንደ ከፈተ ቀጥ አለ።

የድምፅ ባለሙያዋ ከመሣሪያዋ ተነሥታ መጣች። ጎበዝ ወጣት ሴት ናት፤ ተቃውሞ የመጣ አልመሰላትም። ከዘፈኖቹ ብቻ ንግግር ማውጣት አቅቷቸው ሁለት ወር እንደ ተጨነቁ፣ ሲያናግሩት የአውቶቡስ ጣቢያ ማስታወቂያ ይመስል እንደ ነበር፣ የቤቱ ቅጂዎች ሲመጡላቸው ግን ነፍስ እንደ ዘራ በደስታ ነገረቻት። «ያቺን ትንፋሽማ ሆን ብለን ነው የተውናት፣ እትዬ» አለች። «ሰው ያደረገችው እሷ ናት። እርስዎ ባይልኩልን ምን እንሆን ነበር?»

አራሚዋ ዞር ብላ ኪቦርዲስቱን አየችው። ጣቶቹ ቆመዋል።

ባለፈው ዓመት ስልኳ ሞልቶ እምቢ ሲላት፣ መልእክቶቹ እንዳይጠፉባት ሰግታ የሰጠችው ለእሱ ነበር። ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ፣ በፍላሽ አድርጎ ሰጣት፤ የኔን አጥፍቼዋለሁ አላት። ውሉንም ቢሆን ያመጣላት እሱ ነው። አሁን ባለሙያዋ ግራ ገብቷት ውሉን ስታወጣ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ «በስቱዲዮ የተቀዱ ዘፈኖች፣ እንዲሁም ከቤተሰቡ የተገኙ ሌሎች የድምፅ ቅጂዎች» ይላል። ከሥሩ የሷ ፊርማ አለ።

ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ ሲታረም ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በዓይኑ ይከተላል። ዓይን ካልተከተለ ማረም የለም። ውሉን የፈረመች ዕለት ኪቦርዲስቱ ሲያነብላት ዓይኗ እንባ ሞልቶት ስለ ነበር መከተሉን ተወችው፤ ጆሮዋን ብቻ ሰጠችው። በሃያ ሁለት ዓመት ለማንም ያላደረገችውን፣ ወንድሜ ነው ብላ ለእሱ አደረገች።

ነገሩ የገባቸው ራቅ ራቅ አሉ።

«ዘለልካት» አለችው፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ።

«ዘለልኳት።»

«አጥፍቼዋለሁ አልከኝ።»

አዘጋጆቹ የማያወራ ዘፋኝ አንፈልግም እንዳሉት፣ ዝግጅቱ ሊቀር ደርሶ እንደ ነበር፣ ቃሉ ከተለወጠ አታውቀውም ብሎ እንዳሰበ ነገራት። እሷ ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሣ ስታየው ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ እህት ዓለም። ‹ዛሬም ከመጣ ተኝቷል በይው፤ ወሬው ያደክመኛል› የሚለውንም ሰምቻለሁ። ስንት ቀን መጣሁ? በር ላይ ‹ተኝቷል› ስትይኝ፣ እንዳላነቃው ብዬ ደረጃውን በእግሬ ጣት ነበር የምወርደው። ያንን ከሰማሁ በኋላ መላኩ አልከበደኝም።»

አራሚዋ ተነሥታ ወደ ባለሙያዋ ሄደች። ንግግሩ በሙሉ እንዲወጣ ጠየቀች። ባለሙያዋ ቅር አላት፤ በዘፈኖቹ መሃል ዝም ብሎ ከቆመ ሕዝቡ ተበላሸ ይላል አለች።

«ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ቆሟል» አለች አራሚዋ። «ተበላሸ ያለው ሰው የለም።»

ከዚያ የማጽደቂያውን ወረቀት አውጥታ አንዷንም መስመር ሳትዘል በዓይኗ አነበበች። «ንግግር» የሚለውን ባገኘችበት ሁሉ እንደ ልማዷ በቀይ ሰረዘች፣ በኅዳጉ ላይ ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች። ስልሳ ሦስቱን ቅጂዎች ፊቷ እንዲያጠፉ አደረገች፤ ኪቦርዲስቱም ኮምፒውተሩን ከፍቶ የራሱን አጠፋ። ጠፋ ይባል እንጂ የሰሙት ጆሮዎች እዚያው ነበሩ።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት።

«እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እውነት ወሬዬ ነበር?»

ቆመች። ባሏ በአንድ ጠዋት፣ ጥፍሩን እየቆረጠችለት ሳለ፣ ስልክ በማንም እጅ ሳይኖር ምክንያቱን ነግሯት ነበር። የዚያ ሰው ጆሮ ክፉ ነው፤ ድምፄ እንደ ተሰበረ አንዴ ከሰማ፣ ከዚያ ወዲያ እኔን ባሰበ ቁጥር የሚሰማው ይኸው ነው፤ የድሮው ድምፄ ይኑረው፣ ለእሱ ካለኝ ነገር ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው ብሏት ነበር። ወሬው ያደክመኛል የሚለው፣ እሷ ለድምፁ እንዳታዝን ያበጀው ሰበብ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትነግረው ትችል ነበር፤ አፏም ተከፍቶ ነበር።

ግን ይህ ማንም ያልገለበጠው፣ የትም ያልተቀዳ፣ የቀራት ንግግር ነበር።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ አላልክም?» አለችውና በሩን ከፍታ ወጣች።