ለ«ደህና አደሩ?» የተጻፉ መልሶች

ሙርዋኒ ሁለት እጇ እስከ ክርኗ በእርድ ቢጫ ሆኖ፣ ጭማቂውን በነጭ ጨርቅ እየጠመዘዘች ሳለ አንድ ሞተረኛ በሩ ላይ ቆመና ሳጥን አወረደ። «ከቡ ፕራፕቲ ቤት ነው» አለና ሌላ ሳይጨምር ሄደ። ሳጥኑ ውስጥ ታጥበው የደረቁ አሥራ አንድ ባዶ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

ሙርዋኒ ጨርቁን ለቀቀችው። እሷ በምትሸጥበት ሰፈር ጃሙ የሚሉት የሥራሥር መጠጥ ጠርሙስ የሚመለሰው አንድ በአንድ ነው፤ ባዶው ሲሄድ ሙሉው ይመጣል፣ እንዲህ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ቤቱ ያለውን ሁሉ አጥቦ በአንድ ጊዜ የላከ ሰው ከእንግዲህ በቃኝ ማለቱ ነው። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር በከተማዋ በሶሎ ነውር ነው።

ቡ ፕራፕቲ ደግሞ እንደማንኛውም ደንበኛ አልነበሩም። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በአገሩ ልማድ ታላቅ ሴት «ቡ»፣ ታላቅ ወንድ «ፓክ» ይባላል። የሙርዋኒ እናት ካርሲነም የጃሙ ቅርጫቷን በጀርባዋ አዝላ በየሰፈሩ መዞር ስትጀምር፣ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ የገዟት እሳቸው ነበሩ። ሙርዋኒ ያኔ ትንሽ ልጅ ናት፤ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ አብራ ትዞር ነበር። እናቷ ቅርጫቱን ገና ሳታወርድ «ደህና አደሩ? እንቅልፍ እንዴት ነበር?» ትላለች። የተጠየቀው ሰው ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ምራቱ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ያወራል። እሷ እየሰማች ትቀምማለች፤ ላልተኛው አንድ ዓይነት፣ ላኮረፈው ሌላ። ዝርዝር የሚባል ነገር አልነበራትም።

አሁን ግን ሥራው በስልክ ሆኗል። እጇ እርድ ውስጥ እንዳለ ስልኩ ይጮሃል፤ መልስ ያጣ ደንበኛ ወደ ሌላ ይሄዳል። ታናሽ እህቷ ፓሉፒ ይህን አይታ፣ ከአራት ወር በፊት ከጃካርታ ሆና ዋትሳፕ ላይ ራሱ የሚመልስ ቦት ሠራችላት። ቦቱ ዋጋ ይናገራል፣ ትዕዛዝ ይቀበላል፣ ዓርብ ዓርብ ቅናሽ ያስተዋውቃል። በቀን አርባ ጠርሙስ የነበረው ሽያጭ መቶ አሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ ሙርዋኒ የምታየው ቦቱ በየማለዳው የሚያወጣላትን የትዕዛዝ ዝርዝር ብቻ ነው።

እጇን ታጥባ የቡ ፕራፕቲን መልእክቶች ከፈተች።

«ደህና አደሩ? እንቅልፍ እንዴት ነበር?» ይላል ቦቱ። ፓሉፒ የእናታቸውን ቃል እንዳለ ነው የሰጠችው።

«ደህና ነኝ ልጄ» ብለዋል ቡ ፕራፕቲ። «ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ያስቸግረኛል።»

«ይቅርታ፣ አልገባኝም። እርድ በሁመር ከፈለጉ 1፣ ዝንጅብል ከፈለጉ 2 ብለው ይጻፉ።»

በማግስቱ ቦቱ እንደገና ጠይቋል፤ እሳቸውም መልሰዋል። በሳምንቱ ባለቤታቸው ፓክ ሱርቶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መውደቃቸውን ጽፈዋል። ቦቱ አልገባውም። ምግብ እምቢ ማለታቸውንም ጽፈዋል። ይህም አልገባውም። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፤ «እናትሽ ትሠራለት የነበረው የሩዝና የከንቹር ጃሙ አማረኝ ይላል። ዝርዝሩ ላይ ፈልጌ አጣሁት።»

«እናመሰግናለን። ይህን መልእክት ለአምስት ወዳጆችዎ ቢልኩ አንድ ጠርሙስ በነጻ ያገኛሉ።»

ሙርዋኒ እህቷ ዘንድ ደወለች።

«ቦትሽ ጉድ ሠራኝ።»

«መቶ አሥር ጠርሙስ የሚሸጥልሽ ቦት? ምን አድርጎ?»

«ደህና አደሩ ብሎ ይጠይቅና መልሱን አይሰማም።»

«ምባክ» አለች ፓሉፒ፣ ታላቅ እህትን በሚጠሩበት ቃል፤ «እሱ እኮ ለማሟሟቂያ ነው። ሰላምታ ያለበትን መልእክት ሰው ቶሎ ይከፍተዋል። መልስ የሚጽፍለት የለም።»

«እዚያ ጃካርታ ይሆናል። እዚህ የተጠየቀ ሰው ይመልሳል። አንቺም እዚሁ ነው የተወለድሽው፤ ረሳሽው እንዴ?»

«ስንት ሰው መልሷል?»

«ገና አላየሁም። ቡ ፕራፕቲ ግን ጠርሙሶቼን መለሱልኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እሳቸው ከሄዱ ጎረቤቶቻቸውም ተከትለዋቸው መሄዳቸው ነው። እሱስ ይሁን። እማዬ ያወረሰችን ሰው ናቸው፣ ፓሉፒ።»

ሙርዋኒ የተዘፈዘፈ ሩዝ፣ ከንቹር የሚሉትን ሽታው ደስ የሚል ሥር፣ ጥቁር የዘንባባ ስኳርና ትንሿን ሙቀጫ በዘንቢል ይዛ በእግሯ ወጣች። ሞተር መጥራት ትችል ነበር፤ አላሰኛትም። እናቷ ታርፍበት የነበረው የማንጎ ዛፍ ተቆርጦ ቦታው የሞተር ማቆሚያ ሆኗል።

ቡ ፕራፕቲ በፈገግታ ተቀበሏት። «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሏት። ዕድሜ ልኳን «አንቺ ሙር» ሲሏት የኖሩ ሴት ናቸው። ሶሎ ውስጥ የተቀየመ ሰው ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ትሕትናው ይጨምራል። ሙርዋኒ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«ቡ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ምን አጥፍተው? ንግድ ነው። ንግድዎ በማደጉ እኛም ደስ ብሎናል።»

«የጻፉልኝን ሁሉ ዛሬ ነው ያነበብኩት። ሲመልስልዎ የነበረው ማሽን ነው።»

«አውቃለሁ። ገና በአራተኛው ቀን የልጅ ልጄ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ይጽፉ ነበር?»

ቡ ፕራፕቲ ንጹሑን ጠረጴዛ በመዳፋቸው ጠረጉት። «ጠየቀኝ እኮ። የተጠየቀ ሰው ዝም ይላል? አጠያየቁ ደግሞ የካርሲነም ነው። ለልጆቼ ያልነገርኳቸውን ሁሉ ነገርኩት። አንድ ቀን ታነቢዋለሽ ብዬ ነበር።»

ሙርዋኒ እንባዋ መጣ። ከውስጠኛው ክፍል የደከመ ድምፅ ተሰማ።

«ማን ነው? የካርሲነም ልጅ ናት?»

«ነኝ፣ ፓክ ሱርቶ።»

«ታዲያ ቅመሚያ። ወሬው ኋላ ይደርሳል።»

ከአልጋቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሙቀጫዋን አወጣች። «እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ፓክ?»

«ሚስቴ ከማንኮራፋት ስታርፍ እተኛለሁ።»

«ማን ነው የሚያንኮራፋው» አሉ ቡ ፕራፕቲ ከበሩ።

ሙርዋኒ እየወቀጠች ስለ ሆዳቸው ጠየቀች፣ ስለ ወገባቸው ጠየቀች። ሆዳቸው ባዶ ስለነበር ከንቹሩን ቀነስ፣ ስኳሩን ጨመር አደረገችው። ፓክ ሱርቶ ግማሹን ጠጡና ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«የእናትሽ ወፈር ይል ነበር።»

«ነገ አወፍረዋለሁ።»

«ነገ ሙዝም ይዘሽ ነይ» አሉ። ቡ ፕራፕቲ ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዙረው ዓይናቸውን አበሱ። ለሳምንት ያህል ፓክ ሱርቶ ምግብ በስሙ ጠርተው አያውቁም ነበር።

ቤቷ ስትመለስ ጸሐዩ ገና አልበረደም። ስልኳን ይዛ ደጃፏ ላይ ተቀመጠችና ቦቱ በየማለዳው የሚጠይቀውን ጥያቄ ሰረዘችው። በምትኩ «እኔ የሙርዋኒ ማሽን ነኝ። ዋጋና ትዕዛዝ ለእኔ ይንገሩኝ። ሌላውን ሙርዋኒ ራሷ ታነበዋለች» ብላ ጻፈች። ፓሉፒ ወዲያው አየችው።

«በጣም ደረቅ ነው፣ ምባክ። ሽያጩ ይወርዳል።»

«ይውረድ» ብላ መለሰችላት።

ከዚያ ቦቱ አልገባኝም ያላቸውን ሰዎች አንድ ላይ አወጣቻቸው። ስልሳ ሦስት ናቸው። ሳል የያዛቸው፣ ልጃቸው የተዳረ፣ ድመታቸው የጠፋች። ከሁሉ በላይ ያሉት ገበያው ጀርባ ሰዓት የሚጠግኑት ፓክ ጁማዲ ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እሳቸው ስለ ራሳቸው ምንም አላወሩም። አሥራ ዘጠኝ ማለዳ አንድ ነገር ብቻ ጽፈዋል፤ «ደህና ነኝ። አንቺስ?» አሥራ ዘጠኝ ጊዜም 1 ወይም 2 እንዲመርጡ ተነግሯቸዋል።

ሙርዋኒ «ደህና ነኝ፣ ፓክ» ብላ ጻፈች። ልትልከው ስትል ጣቷ ቆመ። ከእናቷ ቀብር ወዲህ እንዲህ ደጋግሞ የጠየቃት ሰው መኖሩን ታስታውስ እንደሆነ አሰበች፤ አላስታወሰችም። የጻፈችውን አጠፋችው።

«እጄ ደክሟል፣ ፓክ። እማዬም ናፍቃኛለች» ብላ ጻፈችና ላከችው።