የአዩብ ሲቪ

ሦስተኛው ደግሞ ዓይን ነው፣ ይላሉ አሠልጣኙ አቶ ግሩም፣ ጠያቂውን ዓይን ዓይኑን ማየት፣ ቱሪያ ግን የምታየው ጣሪያው ላይ ያለውን ማራገቢያ ነው፣ አንዱ ክንፉ ጎብጧል፣ በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል፣ ቀጭ፣ የሥራ ዝግጁነት ሥልጠና ሁለተኛ ቀን፣ የባዮሎጂ ተመራቂዎች በሙሉ፣ መቅረት ክልክል ነው ተብሏል፣ ሥራው ቢቀርም ዝግጁነቱ አይቀርም። ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁሽስ? ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም በይ። ሁሉም ይጽፋል፣ እሷም ትጽፋለች፣ ማለትም እጇ ይጽፋል።

ዛሬ ዓርብ ነው። እስከ ሐሙስ እንደውላለን ብለው ነበር የትንኝ ቁጥጥር ፕሮጀክቱ ሰዎች፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ በየግቢው ካለ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ እጭ እየጨለፈ የወባ ትንኙን ከሌላው የሚለይ፣ ይህን ደግሞ እሷ ዓመቱን ሙሉ ስትሠራው ነው የከረመችው፣ ለመመረቂያ ጥናቷ ሳቢያን ሰፈርን ግቢ ለግቢ ዞራ፣ በእናቷ ጭልፋ፣ እናቷ ኋላ ይሄን ነገር ወጥ ውስጥ አልመልሰውም ብላ እስክትጥለው ድረስ። በልኳ የተሰፋ ሥራ ነበር። ሰኞና ማክሰኞ ስልኳን እጇ ላይ ይዛ ዋለች፣ ገላዋን ስትታጠብ እንኳን በሩ ሥር አስቀምጣው፣ ረቡዕ ቻርጀሩ ላይ ትታው ወጣች፣ ትናንት ምንም አልተሰማትም፣ ዛሬም ምንም፣ ጥርስ ለመንቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆናለች፣ ቢነክሷትም አታውቅ።

ስልኳ ይርገበገባል። ልቧ አይዘልም። አዩብ ነው፣ በሩ ጋ ነኝ፣ ነይ አቦ፣ ብሎ ጽፏል። አዩብ የሰፈሯ ልጅ ነው፣ ከሷ ሁለት ዓመት ቀድሞ በባዮሎጂ ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ፣ ዲፓርትመንቱ ግን እስካሁን የሚያውቀው በሲቪው ነው፣ ሲያምር ሠርቶት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ባች በቴሌግራም ይወርሰዋል፣ ስም ቀይር፣ ውጤት ቀይር፣ ላክ፣ በቡድን መሥራት የምወድ፣ የሥራ ጫናን የምቋቋም፣ ድሬዳዋ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ጫና የሚቋቋም ባዮሎጂስት ሞልቶ ፈሶለታል። እሷም የላከችው ያንኑ ነው። ማን ከባዶ ይጽፋል? ሽንት ቤት ብላ ትወጣለች።

ባጃጁ የኒም ዛፏ ጥላ ሥር ቆሟል፣ አዩብ አይወርድም፣ መሪውን እንደያዘ ወደ ፊት እያየ ነው የሚያወራው፣ ዓይን ዓይኗን ማየት የሚባለውን ሥልጠና አልወሰደም። ስሚ ቱሪያ፣ ማክሰኞ ደወሉ። እነማን? የትንኞቹ። ለማን? ለኔ፣ አንቺን ብለው፣ ሲቪሽ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ታች፣ የኔን ቁጥር ሳትቀይሪ ነው የላክሽው ወላሂ። እና ምን አልካቸው? ከኋላው ሌላ ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እለፍ በእጁ ይለዋል። ሌላ ሥራ ይዛለች አልኳቸው። እኔም ባዮሎጂ ነኝ አልኳቸው። ረቡዕ ና አሉኝ፣ ሄድኩ፣ ሰኞ ጀምር አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሥራ ብሎ አንድ ሰው ደውሎልኝ አያውቅም ቱሪያ፣ ምላሴ ነው የተናገረው፣ እኔ አይደለሁም።

አሁን መጮህ አለባት። ንዴቷን ትፈልገዋለች፣ ሰው ኪሱን እንደሚዳብስ፣ የለም። ያለው ሁለተኛው ገጽ ነው፣ ስሟን ቀይራለች፣ የልደት ቀኗን፣ ቀበሌዋን፣ ውጤቷን ከነነጥቡ፣ አራት ጊዜ አንብባዋለች፣ አራቱንም ጊዜ ገጽ አንድን፣ ቃላቱን ሁሉ ከሱ ወስዳ ስልክ ቁጥሩንም ጨምራ መውሰዷ፣ ጉድ እኮ ነው፣ እሱስ ምን ወሰደ፣ አንድ የስልክ ጥሪ፣ አንድ ሰኞ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰኞዎች በሙሉ። ስደቢኝ እንጂ፣ ይላል አዩብ። እሰድብሃለሁ፣ ትላለች፣ ዛሬ ግን አልመጣልኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ይላል፣ አሁንም መሪውን እያየ፣ እንዳትቆጪ፣ እጮቹን እንዴት ነበር የምንለያቸው? ጠፍቶብኛል ወላሂ፣ ኢንተርቪው ላይ አልጠየቁኝም፣ ሰኞ ጭልፋ ሰጥተውኝ ብገተርስ?

ገልብጣ ልትነግረው ትችላለች። ሐሳቡ ያለ አንዳች ኮቴ ገብቶ ይቀመጣል። ሁለት ቃል ማገለባበጥ ነው፣ ሰኞ ይሳሳታል፣ ማክሰኞ ይሳሳታል፣ በሳምንቱ ያባርሩታል፣ ቦታው አንድ ነው፣ ቁጥሯን አስተካክላ ትልካለች፣ ማን ያውቅባታል? ደግሞ ዋሪስ፣ ታናሽ ወንድሟ፣ አምና ወባ ጥሎት ሦስት ቀን ከግድግዳው ጋር ሲያወራ፣ እናቷ ፎጣ እየነከረች፣ የነሱም ግቢ ሮቶ አለ፣ የአዩብ ጭልፋ እዚያም ይደርሳል።

የወባው ውሃው ላይ ተጋድሞ ይተኛል፣ ትለዋለች፣ ድምጿ የሌላ ሰው ነው የሚመስላት፣ መተንፈሻ ቧንቧ የለውም፣ ሌላው ቧንቧ አለው፣ ጅራቱን ላይ አድርጎ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። አዩብ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፊቱ በርቷል፣ ያ ረቢ አንቺ ባትኖሪ፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ገባኝ፣ የተንጠለጠለው የወባው፣ የተኛው ምንም አያመጣም፣ ገባኝ አቦ።

አልዋሸችም። ራሱ ነው የገለበጠው፣ እሷ በትክክል ነግራዋለች፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ አልሰማሁም ብትል ማን ይፈርድባታል፣ ዝም ማለት ብቻ ነው፣ ዝም ማለት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ከሁሉም የቀለላት ነገር ነው፣ ባጃጁ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ እጇ የባጃጁን ብረት ይዟል፣ መቼ ያዘችው?

አይደለም አዩብ። ቁም። የተኛው ነው የወባው፣ ትላለች፣ ይሄኔ ነው እንባው የሚመጣው፣ ከየት እንደሆነ አታውቅም፣ ማክሰኞም አልመጣ፣ ትናንትም አልመጣ፣ አዩብ ደንግጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያታል፣ ቱሪያ፣ ይላል፣ አትየኝ፣ ትላለች፣ ድጋሚ በለው፣ የተኛው፣ ይላል፣ ድጋሚ፣ የተኛው ነው የወባው፣ ድጋሚ፣ ትለዋለች፣ ብረቱን ሳትለቅ፣ ድጋሚ።