በወልደ ሩፋኤል ስም

...እና ደግሞ ማን ነው ተነሽ የሚላት፣ ግንዱ የራሷ፣ ጥዱን ኮትኩቶ ያሳደገው ባሏ ሞላ ነፍሱን ይማረውና፣ ያስቆረጠችው እሷ፣ ለትምህርት ቤት ነው ሲሏት ደስ ብሏት፣ እዚሁ ቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ የሚሠራ መስሏት። ሞኝ። ለካስ ግንዱ የሚሄደው ትምህርት ቤቱ ወደሚሠራበት ወገዳ ነው፣ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ክረምት ሰው የሚወስድ ወንዝ ያለበት፣ የስምንት ዓመት ልጇ ብርቱካን ልትሻገረው ነው? ጌጤ ግንዱ ላይ ተደላድላ ትቀመጣለች።

ጭቃ ሹሙ ላቀው ከፊቷ ቆሟል፣ ከኋላው ስድስት ሰዎች መሸከሚያ ይዘዋል። አንቺ ጌጤ፣ የመንግሥት ሥራ አታጓትቺ ይላታል። የመንግሥት ሥራ። አሥር ዓመት የትምህርት ግብር ከፍላለች፣ ገብስ ሸጣ፣ ምስር ሸጣ፣ በበረዶው ዓመት ጊደሯን ሸጣ፣ አንድ አስተማሪ ግን ወደዚህ አልወጣም፣ ልጅቷን ፊደል ያስቆጠሯት የኔታ ገብረ ማርያም ናቸው፣ እንዲያው በነጻ፣ ይኸው ዳዊት ትደግማለች። ታዲያ ያ ገንዘብ ለምን ለእሳቸው አይከፈልም፣ ሒሳብ የሚያውቅ አንድ ከተሜ ይጨመርላቸውና፣ ማን ያስተምር፣ የት ያስተምር፣ የከፈለ ሰው አይመርጥም እንዴ፣ በሬ እንኳ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል። ትለዋለች። ጮክ ብላ፣ ሰዎቹ ሁሉ እየሰሙ ትለዋለች።

ላቀው ይስቃል። እስቲ በስምሽ የተቆረጠ ደረሰኝ አሳዪኝ።

ተንኮሉን ታውቃታለች፣ የመንደሩ ግብር ሁሉ የሚገባው መሬቱን መጀመሪያ ባቀናው አባት ስም ነው፣ በወልደ ሩፋኤል፣ ከሞተ ሰባት ትውልድ ያለፈው፣ ደረሰኙም በሱ ስም፣ የደረሰኙ ሳጥንም ላቀው ቤት። ዝም አይነቅዝም ትላት ነበር እናቷ፣ ይነቅዛል እንጂ፣ አሥር ዓመት ዝም ብላ ነቀዘች።

መልካም አያ ላቀው፣ የከፈለው ወልደ ሩፋኤል ከሆነ፣ ወገዳ ወርዶ እሱ ይማራ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳቁን ያፍናል። እኛስ የማን ልጆች ነን፣ የወልደ ሩፋኤል አይደለን፣ ይላል ከስድስቱ አንዱ ደምሌ ቀስ ብሎ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የሱም ልጆች ወንዙን አይችሉትም።

አንሷት፣ ይላል ላቀው። ማንም አይነቃነቅም። ብርቱካን፣ ነይ፣ ዳዊትሽን ይዘሽ ነይ፣ ትላለች ጌጤ፣ ልጅቷ ግንዱ ላይ አጠገቧ ትወጣለች፣ እግሯ መሬት አይደርስም፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ማንበብ ትጀምራለች። ትምህርት ቤቱ ይኸው፣ ከፈለጉት ከነተማሪዋ ይሸከሙት።

አንሱ ብያለሁ።

ደምሌ መሸከሚያውን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ እስቲ ጠጋ በይ፣ እኔም ልቀመጥ ይላታል፣ ትጠጋለታለች።